የጥሬ ቡና ኤክስትራክት እና ኮሌስትሮል

የጥሬ ቡና ኤክስትራክት ካልተቆላ የቡና ፍሬ በውኃ ወይም በአልኮል ተነጥሮ የሚወጣና ደርቆ በዱቄት ወይም በእንክብል መልክ የሚሸጥ የምግብ ማሟያ ነው። በውጭ ገበያ «አረንጓዴ ቡና» በሚል ስም ይታወቃል። ክብደት ይቀንሳል፣ የደም ግፊትን ያረጋጋል፣ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮልም ያወርዳል እየተባለ ይሸጣል። እስካሁን የተደረጉ ሙከራዎች ሲደመሩ ኤክስትራክቱ ጠቅላላ ኮሌስትሮልንና ኤልዲኤል የተባለውን ዓይነት በጥቂቱ እንደሚቀንስ ያሳያሉ፤ መጠኑ ግን በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትን የሚተካ አይደለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሌላም ገጽታ አለው። ኮሌስትሮልን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል የሚባለው ኤክስትራክትም ሆነ ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርግ የተረጋገጠው ሳይጣራ የሚጠጣ የተፈላ ቡና የሚገኙት ከአንድ ፍሬ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከፍሬው ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት መግባቱ ነው። በላሊበላና በላስታ ደጋ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ ቡና በጀበና ተፈልቶ የሚጠጣ በመሆኑ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ስያሜ

በአማርኛ ያልተቆላ የቡና ፍሬ ጥሬ ቡና ይባላል። «አረንጓዴ ቡና» የሚለው አጠራር ከውጭ ቋንቋ በቀጥታ የመጣ ሲሆን በአብዛኛው የሚሠራበት በማሟያ ምርቶች ማስታወቂያ ላይ ነው። ሁለቱ ስሞች የሚያመለክቱት አንድ ዓይነት ፍሬ ነው። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በጣሳ ወይም በሚዛን ተለክቶ የሚሸጠው ጥሬ ቡና እና በእንክብሉ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው «አረንጓዴ ቡና» መነሻቸው አንድ ነው። ይሁን እንጂ እንክብሉ ውስጥ ያለው ፍሬው ራሱ አይደለም፤ ከፍሬው ተመርጦ የወጣው ክፍል ብቻ ነው።

ኮሌስትሮል

ኮሌስትሮል ስብ መሰል ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት የሴሎችን ሽፋን፣ አንዳንድ ሆርሞኖችን፣ ቫይታሚን ዲ እና ሐሞትን ለመሥራት ይጠቀምበታል። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነት ራሱ፣ በተለይም ጉበት ነው፤ የቀረው እንደ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ካሉ የእንስሳት ተዋጽኦዎች ይገኛል።

ስብ በውኃ ስለማይሟሟ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። በዚህ መልክ ከሚጓዙት ውስጥ ሁለቱ በሕክምና ምርመራ ዘወትር ይጠቀሳሉ፦

ኤልዲኤል፦ ኮሌስትሮልን ከጉበት ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያደርሳል። ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠብባል፤ በዚህም የልብ ድካምና ስትሮክ የመከሰት ዕድል ይጨምራል።

ኤችዲኤል፦ የተረፈውን ኮሌስትሮል ከሰውነት ክፍሎች ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል።

ከእነዚህ ጋር ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብም ይለካል። መለኪያው ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ሚሊ ሞል በሊትር ሲሆን 1 ሚሊ ሞል በሊትር ኮሌስትሮል ከ38.7 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ጋር እኩል ነው።

ከፍተኛ ኮሌስትሮል ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት 5.2 ከመቶ የሚሆኑት አዋቂዎች ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው 190 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ 68.7 ከመቶ የሚሆኑት የኤችዲኤል መጠናቸው ዝቅተኛ ነበር።

ቡና በላስታ ደጋ

ላሊበላ በሰሜን ወሎ ዞን በላስታ ተራሮች ላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ኮፊያ አረቢካ የተባለው የቡና ዝርያ በዋነኛነት የሚስማማው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ያለው ሞቃታማና እርጥብ አካባቢ ስለሆነ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልበት የላስታ ደጋ የቡና ምድር አይደለም። የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ሲሆን በላስታ ገበያዎች የሚሸጠው ቡናም ቡና ከሚያበቅሉ አካባቢዎች በነጋዴዎች የሚመጣ ነው። በአማራ ክልል ውስጥ በቡናው በጥንት የሚታወቀው በጣና ሐይቅ ዳርቻ ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ነው።

በደጋው የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ለረጅም ዘመን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው በሚል ይሸሹት ነበር። ይህ አመለካከት እየቀረ የሄደው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ለዚህም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ተቃውሞው እንዲለዝብ ማድረጋቸው በታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቀሳል። ዛሬ በላሊበላ ቡና ሳይፈላ የሚውልበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

አፈላሉ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ካለው ብዙም አይለይም። ጥሬው ቡና ታጥቦ በምጣድ ይቆላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከዚያም በጀበና ከውኃ ጋር ይፈላል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ በኋላ አተላው ወደ ታች ሲዘቅጥ በስኒ ይቀዳል። የመጀመሪያው ዙር አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል። ለቶናና ለበረካ በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ እንደገና ይፈላል።

በጥሬ ቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች

ከኮሌስትሮል ጋር ተያይዘው የሚነሡት ሦስት ናቸው።

ክሎሮጄኒክ አሲድ፦ በተክሎች ውስጥ ከሚገኙት ፖሊፌኖል ከተባሉት ውህዶች አንዱ ወገን ነው። በጥሬ አረቢካ ውስጥ ከደረቅ ክብደቱ ከ4 እስከ 8 ከመቶ ገደማ ይይዛል፤ ሮቡስታ በተባለው ዝርያ ከዚህ ይበልጣል። ቡናው ሲቆላ ሙቀቱ ክሎሮጄኒክ አሲድን ያፈርሰዋል። ቆላው ለዘብ ሲል የተወሰነው ይተርፋል፤ ቡናው እስኪጠቁር ከተቆላ ግን አብዛኛው ይጠፋል። የማሟያ አምራቾች ያልተቆላውን ፍሬ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ካፌይን፦ ንቃት የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። በመቁላት ብዙም አይቀንስም። አንዳንድ ኤክስትራክቶች ካፌይናቸው የወጣላቸው ሲሆኑ ሌሎቹ ግን ይዘውት ይቀራሉ።

ካፌስቶልና ካህዌኦል፦ በቡና ዘይት ውስጥ የሚገኙ ዳይተርፒን የተባሉ ውህዶች ናቸው። የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ 15 ከመቶ ገደማ ዘይት አለው። አረቢካ ሁለቱንም ውህዶች ሲይዝ ሮቡስታ ካህዌኦል እምብዛም የለውም። ከመቆላት በኋላም አብዛኛው ክፍላቸው ይቀራል።

ኤክስትራክቱ ሲመረት ጥሬው ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ ወይም በውኃና በአልኮል ድብልቅ ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ተጣርቶ ይደርቃል። በገበያ ላይ ያሉት ምርቶች ብዙዎቹ ከ45 እስከ 50 ከመቶ ክሎሮጄኒክ አሲድ እንዲኖራቸው ተደርገው ይዘጋጃሉ። ዘይቱ ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድና በማጣራቱ ስለሚቀር በኤክስትራክቱ ውስጥ ያለው የካፌስቶል መጠን አነስተኛ ነው።

ስለ ኤክስትራክቱ የተደረጉ ጥናቶች

በላቦራቶሪ አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ክሎሮጄኒክ አሲድ በጉበት ውስጥ የኮሌስትሮልንና የስብን መመረት ሲቀንስ ታይቷል። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች በአብዛኛው ትንንሽ ናቸው፤ ተሳታፊዎቻቸው በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ ጊዜያቸውም ከ4 እስከ 16 ሳምንት ገደማ ነው። ብዙዎቹ የተካሄዱት በኢራንና በጃፓን ነው።

ለምሳሌ በኢራን እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት 64 ከመጠን በላይ ወፍራም የሆኑ ሴቶች በሁለት ቡድን ተከፍለው አንደኛው ቡድን በቀን 400 ሚሊ ግራም ኤክስትራክት፣ ሌላው ባዶ እንክብል ለ8 ሳምንት ወሰዱ። ሁለቱም ቡድኖች ካሎሪው የተቀነሰ ምግብ ይመገቡ ነበር። ኤክስትራክቱን የወሰዱት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸውና ኤልዲኤላቸው ከሌላው ቡድን የበለጠ ቀንሷል። በሌሎች ተመሳሳይ ጥናቶች ግን በኮሌስትሮል ላይ ልዩነት ሳይታይ የቀረበት ጊዜም አለ።

እንዲህ ያሉ የተበታተኑ ውጤቶች ሲኖሩ ተመራማሪዎች ሁሉንም ጥናቶች ሰብስበው በአንድነት ያሰላሉ፤ ይህ ሜታ ትንተና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሜታ ትንተና ኤክስትራክቱ ጠቅላላ ኮሌስትሮልንና ኤልዲኤልን በአማካይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እንደቀነሰ፣ ኤችዲኤልን በጥቂቱ እንደጨመረ፣ በትራይግሊሰራይድ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል።

የዚህን ቁጥር ትርጉም ለመረዳት ማወዳደር ይረዳል። ኤልዲኤሉ 160 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ ሰው በኤክስትራክቱ አማካይ ውጤት ቢያገኝ ወደ 156 ገደማ ይወርዳል። ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች እንደየዓይነታቸውና እንደየመጠናቸው ኤልዲኤልን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ከመቶ ይቀንሳሉ። የ30 ከመቶ ቅነሳ ብቻ ያንኑ ሰው ወደ 112 ያደርሰዋል። ከዚህም ሌላ ስታቲኖች የልብ ድካምንና ሞትን እንደሚቀንሱ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ለዓመታት በተደረጉ ሙከራዎች ተረጋግጧል። የጥሬ ቡና ኤክስትራክት ሙከራዎች የለኩት ግን በሳምንታት ውስጥ የታየን የደም ውጤት ለውጥ ነው።

የተሰረዘው ጥናት

የጥሬ ቡና ኤክስትራክት በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት በሕንድ የተካሄደ አንድ ሙከራ ውጤት ታተመ። ተሳታፊዎቹ 16 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ በ22 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 8 ኪሎ ግራም ገደማ እንደቀነሱ ተገለጸ። ወዲያው ሐኪሙ መሐመት ኦዝ በአሜሪካ ያቀርበው በነበረው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ምርቱን አወደሰ፤ ሽያጩም በእጅጉ ጨመረ።

ቆይቶ ግን የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጥናቱ በመሠረታዊ ስሕተቶች የተሞላ እንደነበር አስታወቀ። እንደ ኮሚሽኑ ገለጻ የሙከራው መሪ የተሳታፊዎችን ክብደት በተደጋጋሚ ቀይሯል፤ የሙከራው ርዝማኔም ተለዋውጧል፤ እውነተኛውን እንክብልና ባዶውን የወሰዱት ሰዎችም ተምታተዋል። ጥናቱን ያስደረገው አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት ጽሑፉ ከታተመበት መጽሔት ተሰረዘ። ኦዝም በሰኔ 2014 በአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ማስተዋወቁ ተጠይቋል።

ይህ ታሪክ በቀጥታ የሚመለከተው ክብደትን ቢሆንም ለኮሌስትሮልም ትምህርት አለው። የተሳታፊ ቁጥር ትንሽ ሲሆን የጥቂት ሰዎች መረጃ መዛባት ብቻውን ጠቅላላ ውጤቱን ይለውጣል። የምርቱ ሻጭ የጥናቱ ከፋይ ሲሆን ደግሞ ውጤቱን ሌላ ገለልተኛ ወገን ደግሞ መፈተሹ ይበልጥ ያስፈልጋል። የተሰረዘው ጥናት ከተሰረዘ በኋላም በአንዳንድ የሽያጭ ጽሑፎች ላይ እንደ ማስረጃ መጠቀሱ አልቀረም።

ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና እና ኮሌስትሮል

ቡና ኮሌስትሮልን ሊጨምር እንደሚችል በሰፊው ትኩረት ያገኘው በኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው የትሮምሶ የልብ ጥናት ከ14,000 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ሲሆን በቀን ብዙ ስኒ ቡና የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ ከፍ ያለ ኮሌስትሮል እንዳላቸው አሳየ። በሌሎች አገሮች ግን ተመሳሳይ ውጤት ሁልጊዜ አልተገኘም። ለምን እንደሆነ ሲፈተሽ ምክንያቱ ከአፈላሉ ላይ ተገኘ፤ በሰሜን ኖርዌይ ብዙ ሰው ይጠጣ የነበረው የተፈጨውን ቡና ከውኃ ጋር አፍልቶ፣ አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ቀድቶ ነበር።

በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ሙከራ የተፈላ ቡና ኮሌስትሮልን ሲጨምር በወረቀት የተጣራው እንደማይጨምር አረጋገጠ። በመቀጠል የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥፋቱ የዘይቱ ክፍል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ካፌስቶልና ካህዌኦልን በስም ለዩ። ከሁለቱ ጠንካራው ካፌስቶል ነው። እንደ ግምታቸው በየቀኑ 10 ሚሊ ግራም ካፌስቶል ለ4 ሳምንት የወሰደ ሰው ኮሌስትሮሉ በ5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ይጨምራል።

ይህ የሚሆንበት መንገድ ከሐሞት ጋር የተያያዘ ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ እየለወጠ ያስወግዳል። ሐሞት አሲዱ ሲበቃ ማምረቱን እንዲያቆም የሚነግረው ኤፍኤክስአር የተባለ ተቀባይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ካፌስቶል ይህንኑ ተቀባይ እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። በዚህ ምክንያት ጉበት ሐሞት አሲድ የበቃ ይመስለውና ማምረቱን ይቀንሳል፤ ሳይለወጥ የቀረው ኮሌስትሮልም ይጠራቀማል።

የካፌስቶል መጠን እንደ አፈላሉ ይለያያል፦

በወረቀት የተጣራ ቡና፦ ከምንም የማይቆጠር።

በውኃ የሚሟሟ ፈጣን ቡና፦ ከምንም የማይቆጠር።

ኤስፕሬሶ፦ መካከለኛ፤ ስኒው ትንሽ ስለሆነ በአንድ ስኒ 1 ሚሊ ግራም ገደማ።

የተፈላ፣ የቱርክ ዓይነትና በፕሬስ የሚዘጋጅ ቡና፦ ከፍተኛ፤ በአንድ ስኒ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ገደማ።

በኖርዌይ ከ500,000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ገደማ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የተጣራ ቡና የሚጠጡት ቡና ጨርሶ ከማይጠጡት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ15 ከመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ያልተጣራ ቡና ከሚጠጡት ጋር ሲወዳደሩም የተጣራውን የሚጠጡት የተሻሉ ነበሩ። ይህ ዓይነቱ ክትትል ሌሎች የኑሮ ልዩነቶችን ሙሉ በሙሉ ስለማያስወግድ ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ከሙከራዎቹ ጋር ግን ይስማማል።

የጀበና ቡና

የጀበና ቡና አፈላል ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ የሚመደበው ከተፈላና ከቱርክ ዓይነቱ ቡና ጋር ነው። የተወቀጠው ቡና ከውኃው ጋር አብሮ ይፈላል፣ አተላው የሚለየውም በመዝቀጥ ነው። መዝቀጥ ትልልቁን ቅንጣት ያስቀራል፤ ዘይቱንና ደቃቁን ቅንጣት ግን አያስቀርም። በአንዳንድ ቤት በጀበናው አፍ ላይ የሚወተፈው ማጣሪያም አተላውን ከመያዝ አልፎ እንደ ወረቀት ዘይት አይመጥም።

በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ በባሕር ጠለል ካለው 100 ዲግሪ ያነሰ ቢሆንም ከካፌስቶል አያድንም፤ በፕሬስ የሚዘጋጀው ቡናም የሚዘፈዘፈው በዚሁ የሙቀት መጠን አካባቢ ባለ ውኃ ሲሆን የካፌስቶል መጠኑ ከፍተኛ ነው።

ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ የሚከተለው ስሌት ይወጣል። 10 ሚሊ ግራም ካፌስቶል በሁለት ወይም በሦስት ስኒ ያልተጣራ ቡና ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ይህ የሚጨምረው ኮሌስትሮል የጥሬ ቡና ኤክስትራክት በአማካይ ከሚቀንሰው ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ በየዕለቱ እየጠጣ እንክብሉን ለኮሌስትሮል የሚገዛ ሰው በአንድ እጁ የጨመረውን በሌላው እጁ ለመቀነስ ገንዘብ ሊከፍል ይችላል።

ይህ ሲባል ጀበና ይሰበር ማለት አይደለም። ኮሌስትሮሉ ጤናማ ለሆነና ለልብ በሽታ ለማያሰጋው ሰው በቀን ጥቂት ስኒ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ፣ ስኳር በሽታ ወይም የልብ በሽታ ያለበት ሰው ግን ሦስት አማራጮች አሉት፦ የስኒውን ቁጥር መቀነስ፣ ከጀበና የወጣውን ቡና በወረቀት ማጣሪያ አሳልፎ መጠጣት፣ ወይም ማጣሪያው ካልተገኘ በንጹሕ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ማጥለል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2025 በታተመ ጥናት በጨርቅ ያለፈ የተፈላ ቡና የካፌስቶል መጠኑ ካልተጣራው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

በአንዳንድ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እንደሚደረገው ቡና ላይ ቅቤ ሲጨመር ደግሞ የቅቤው ስብ ራሱ ኤልዲኤልን ስለሚጨምር ይህም አብሮ መታሰብ አለበት።

ጥሬ ቡናን በቤት መቀቀል

ጥሬ ቡና በየቤቱ ስለሚገኝ «እንክብሉን ከመግዛት ጥሬውን ቀቅሎ መጠጣት አይሻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሙሉው ፍሬ ሲቀቀል ክሎሮጄኒክ አሲድና ካፌይን ወደ ውኃው ይወጣሉ። ነገር ግን መጠኑ እንደ ፍሬው፣ እንደ ውኃውና እንደ ጊዜው ስለሚለያይ በሙከራዎቹ ከተሰጠው የተለካ መጠን ጋር ማመሳሰል አይቻልም። ፍሬው ተፈጭቶ ሳይጣራ ከተጠጣ ደግሞ ካፌስቶል ያለበት ዘይት አብሮ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ለኮሌስትሮል ተብሎ የተወሰደው ኮሌስትሮልን ሊጨምር ይችላል።

ጾም እና የውጤት አተረጓጎም

ላሊበላ በዐለት ተፈልፍለው በተሠሩት 11 አብያተ ክርስቲያናት የምትታወቅ፣ ጾም በጥብቅ የሚከበርባት ከተማ ናት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከዐቢይ ጾም ሌላ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ውስጥ ብዙ የጾም ቀናት አሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም።

በግሪክ በቀርጤስ ደሴት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የኦርቶዶክስ ጾምን የሚጾሙ ሰዎች በጾሙ መጨረሻ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው በ12.5 ከመቶ፣ ኤልዲኤላቸው በ15.9 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ የጥሬ ቡና ኤክስትራክት በአማካይ ከሚያመጣው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የግሪኩ ጾም የባሕር ምግብና የወይራ ዘይት ስለሚጨምር ከኢትዮጵያው ጋር ሙሉ በሙሉ አንድ ባይሆንም ሁለቱም የእንስሳት ስብን በመተው ይገናኛሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው በቅበላ ሰሞን ተመርምሮ እንክብሉን መውሰድ ቢጀምርና በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ቢመረመር ውጤቱ ወርዶ ሊያገኘው ይችላል። ያወረደው ግን እንክብሉ ሳይሆን ጾሙ ሊሆን ይችላል። ከፋሲካ በኋላ በሥጋና በቅቤ ሲመለስ ውጤቱ ከፍ ቢል ደግሞ እንክብሉን በማቆሙ የመጣ ይመስለዋል። በሙከራዎች ውስጥ ባዶ እንክብል የሚወስድ ቡድን የሚኖረው እንዲህ ያለውን መደናገር ለማስወገድ ነው። የራሱን ውጤት የሚከታተል ሰውም የሚያወዳድራቸው ምርመራዎች በተመሳሳይ ወቅት፣ ሁለቱም በፍስክ ወይም ሁለቱም በጾም፣ ቢደረጉ ይመረጣል።

ጥንቃቄ

በሙከራዎቹ ውስጥ ኤክስትራክቱን የወሰዱ ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት አልተለመደም። ሆኖም የሚከተሉት ይጠቀሳሉ፦

ካፌይን፦ ካፌይኑ ያልወጣለት እንክብል ከጀበና ቡና ጋር ሲደመር የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣትና መረበሽ ሊያስከትል ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ይላል።

ሆሞሲስቴን፦ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድ በታተመ ጥናት በቀን 2 ግራም ክሎሮጄኒክ አሲድ መውሰድ ሆሞሲስቴን የተባለውን፣ ከልብ በሽታ ጋር የሚያያዝ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ጨምሯል። ይህ መጠን በእንክብሎች ከሚወሰደው የሚበልጥ ነው።

ብረት፦ የቡና ፖሊፌኖሎች ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሳሉ። የደም ማነስ ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ከምግብ ሰዓት ማራቅ ይገባቸዋል።

መድኃኒት፦ ቡና ለእንቅርት ሕመም የሚሰጠው የሌቮታይሮክሲን ኪኒን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አብረው አይወሰዱም።

ትልቁ አደጋ ግን ከእንክብሉ ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር የሚመጣ አይደለም። ስታቲን የታዘዘለት ሰው «ተፈጥሯዊ ነው» በሚል እንክብሉን መርጦ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ኮሌስትሮሉ ምንም ምልክት ሳያሳይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሕመም ስለማይሰማው ተሽሎት ይመስለዋል፤ የመጀመሪያው ምልክት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ማሟያ መውሰድ የሚፈልግ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ቢያሳውቅና ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ደሙን ቢያስመረምር ሁለቱንም ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ ምግብንና መድኃኒትን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚሠራው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ ገብተው በእጅ በእጅ የሚሸጡ እንክብሎች በዚህ ቁጥጥር ያላለፉ በመሆናቸው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው አንድ ለመሆኑ ዋስትና የላቸውም።